ጨው፣ ለራስሽ ስትዪ

ነሐሴ ነው፤ ሙሐረቅ። ሌሊቱ እንደ ራሰ ፎጣ ከመስኮቱ ተንጠልጥሏል፤
የማቀዝቀዣው ውኃ ባልዲዬ ውስጥ ጠብ… ጠብ ይላል።
ከኩሽናው ወለል ላይ፣ የሩዝ ካርቶን አስደግፌ
እጽፋለሁ፤ እሰርዛለሁ። ይኸው ነው የሌሊት ትርፌ።

አባቴ ኮምቦልቻ ላይ የመኪና ጽሑፍ ይሥል ነበር፤
በአይሱዙ ግንባር፣ በቀይና በቢጫ፣ «ቀስ ያለ ይደርሳል» ሲያሰፍር
የቀለም ቆርቆሮውን የያዝሁለት እኔ ነኝ።
«ፊደሉን ተይው» ይለኝ ነበር፣ ብሩሹን በላምባ እያጠበ፣
«በፊደልና በፊደል መሐል ባዶውን ያየ ነው ያነበበ።»
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አልገባኝም።

እዚህ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የድሮ ዕንቁ ጠላቂዎች ቤት አለ፤
ዛሬ ወደ ባሕር የሚወርድ የለም፤ ዜማው ግን ከግድግዳው እንደተጣበቀ ዋለ።
ሐሙስ ማታ ሽማግሌዎቹ የባዶ እንስራ አፍ በመዳፋቸው ይመታሉ፤
ከታች፣ ከባሕር ሆድ፣ አንድ ጉርምርምታ ይጠራሉ።
ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ፣ ፌስታሉን እንደያዝሁ ቆምሁ፤
የእናቴን የመንዙማ ድቤ፣ የአባቴን ባዶ ቦታ፣ ባንድ ጆሮ ሰማሁ።

ዓርብ ዕረፍቴ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ተከትዬው እሄዳለሁ፤
የሸርጣን ዱካ፣ የፍላሚንጎ እግር፣ ከጭቃው ላይ አነባለሁ።
ባሕሩ ስንኝ መስበር ያውቃል፤ የቱ ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥር፣
ምኑን ትቶ እንደሚመለስ፣ ምኑን ጠርጎ እንደሚቀብር።
ከዚያ ሰረቅሁ። ሌላ መምህር አልነበረኝም፤
ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁ ጨው ነኝ፤ አላፍርበትም።

ቡ ራሺድ አንድ ቀን፣ ጉልበቱ ላይ መረቡን ይዞ፣
«ከዚህ ጨው ሥር» አለኝ፣ «ጣፋጭ ምንጭ ነበረ። አባቴ አቅማዳ አንግቦ ይጠልቅ ነበር፤ ከምንጩ አፍ ሞልቶ፣ አስሮ፣ ይወጣ ነበር ወዝወዞ።
ዛሬ ደርቋል።»
እሱ ተከዘ፤ እኔ ሳቅ ያዘኝ፤
ሰሙ ጨው፣ ወርቁ ውኃ!
ይህን ለማን ልንገር? ማን አለኝ?

ማማ ሞዛ ማንበብ አታውቅም። የወርቅ ክር ግን ታውቃለች፤
ዐሥር ጣቴን አስዘርግታ፣ በየጣቴ ታጠልቃለች፤
ይህ በዚያ ሥር፣ ያ በዚህ ላይ፤ የኔ እጅ ቆሞ፣ የሷ ሮጦ፣
ከቀሚሱ ጠርዝ ይወለዳል ጥለቱ፣ እንደ ጎሕ አጊጦ።
«አትሳቢ» ትለኛለች፤ «ከሳብሽው ይበጠሳል፤
ከለቀቅሽው ይተኛል።»
ዐረፍተ ነገር ስጀምር፣ እስካሁን፣ ጣቶቼ ይዘረጋሉ።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ ጣለኝ። ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ።
የሦስት ዓመት ወረቀቴ፣ ከካርቶኑ እንዳለ፣ ራሰ።
ስነቃ ሰማያዊ ውኃ ነው። በመወልወያ ጠረግሁት፤
የገዛ መጽሐፌን፣ በገዛ እጄ፣ ከፍሳሹ ላይ ጨመቅሁት።
አላለቀስሁም። ቁርስ መድረስ ነበረበት።
እጄ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ አፌ ብቻውን ሲያጉተመትም፣ ጥቂቱ ተመለሰ፤
በድቤ የገባው፣ በክር የታሰረው። ሌላው ሄደ። ይሂድ።

ማማ ሞዛ ሰማችኝ። «ምንድን ነው?»
«ግጥም።»
«በይ፣ አሰሚኝ።» አማርኛ አንዲት ቃል አታውቅም።
አልሁላት፤ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ አባቴ፣ ስለ ቢጫው ቀለም።
ጣቷን እያጠፈች፣ እየዘረጋች፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ዝም።
አራተኛው ስንኝ ላይ እጇ ቀጥ አለ።
«እዚህ» አለች፣ «አንድ ክር ጎድሏል።»

ጎድሎ ነበር።
ውኃው የወሰዳትን ቃል በሌላ ሸፋፍኜ ነበር።

ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይላል ያገሬ ሰው።
ባልዲውን ደፍቼ ተመልሻለሁ፤ ካርቶኑ አዲስ ነው።
ያችን የጠፋች ቃል እየጠበቅሁ፣ ከላይም ከታችም እጽፋለሁ፤
ስፍራዋን ባዶ ትቻለሁ።