የሬይኖ ኮከብ

ታንደር ቤይ ላይ ታኅሣሥ ሲነጋ በማለዳ፣
ሐይቁ ጥርሱን ነክሶ፣
የመጨረሻው መርከብ ለጉዞ ሲሰናዳ፣
የእህሉ ጎተራ ቆሞ እንደ ባለዕዳ፣
በበረዶው መሐል፣ በሁለት ጓንት ታጅሬ፣
ሥራ እሄድ ነበር፣ ልጄን ይዤ አብሬ።

ሥራዬ ሌምፒ ናት።
ሌምፒ ኮስኬላ፣ ዘጠና አንድ ዓመቷ፣
ከፊንላንድ በመርከብ የመጡ እናትና አባቷ።
ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ኪኒን በየሰዓቷ፤
ገና ሲቃረብ ደግሞ አንድ ካርቶን አለ፣
ከምድር ቤት ደረጃ ሥር ዓመት ሙሉ የዋለ።

ፈታሁት።
ጋዜጣው ቢጫ ነው፤ ዜናው ሁሉ ሞቷል።
በውስጡ ገለባ፣ በክር ተሰክቷል፤
አገዳ ካገዳ ማዕዘን ሠርቷል፤
ቤት ይመስላል፣ ግድግዳ የሌለው፤
ትንፋሽ ነው የሚያዞረው።

«ይኸን ባሌ ሠራው፤ አድማ የመቱ ለት፣
እጁ ሥራ አጥቶ ሲቁነጠነጥበት።
ይኸ የጥድ ፍሬ የአርቪድ ነው፣ የበኩሬ፤
ሙጫው ከጣቱ ላይ እንቢ ብሎ፣
በቅቤ አሽቼ አስለቀቅኩት፣ በስንት ለቅሶ፣ በስንት ወሬ!»

በማግስቱ ያው ገለባ የእህቷ ሥራ ይሆናል።
የጥድ ፍሬው የጎረቤት፤ ጎረቤቱም ስም ያጣል።
እኔ ምን አግብቶኝ ላርማት?
በኪኒኑ መዝገብ ጀርባ ጻፍኩ የፊተኛውን ቃሏን፤
«ባል። አድማ። ሙጫ። ቅቤ።» አንድ ሰው ይያዝላት ውሉን።

የነሱ ገና ያልፋል፤ የኛ ገና አልደረሰም፤
«ያንቺም እስኪያልፍ» ትላለች፣ «ጥዱ ከቦታው አይነሳም።»
ቅጠሉ ምንጣፉን ሞላው። በየማለዳው ጠረግኩት፤
ከሥሩ አንድ ገለባ ባገኝ፣ በክሩ መለስኩት።

ኤፍራታ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል።
ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ መቀሱ ከእጇ ገብቷል፤
ባዶ የኪኒን ሽፋን፣ ያ ብርማው ወረቀት፣
ኮከብ ሆነ ባለ አምስት ጫፍ፣ አንዱ ጫፉ የጎበጠበት።
ክር ሲጠፋ ከደንብ ልብሴ ጠርዝ መዘዝኩላት፣
ሰማያዊ።
ሌምፒ ከጥዱ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለችው።
«ማነሽ፣ ጎበዝ» አለቻት። ረሳችው።

ባመቱ ካርቶኑን ስንፈታ፣
ኮከቡን አነሳች። ዝም አለች ላንዳፍታ።
«ሬይኖ» አለች።
ሁለት ዓመት ሳጥባት ያን ስም ጠርታው አታውቅም።
«የሬይኖ ነው። በቸኮላት ወረቀት የሠራው፣ በስድስት ዓመቱ፤
በመጋቢት ነው በረዶው ከሥሩ የከዳው። ሐይቁ ነው ቤቱ።»

ካርቶኑን ደግሜ አየሁት፤ ለሁሉም አለው ድርሻ፤
ለባል፣ ለአርቪድ፣ ለእህት፣ እስከ መጨረሻ።
ለሬይኖ አንድም የለም።
ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። አፏን ከፈተች።
ራሴን ነቀነቅሁ።
ዘጋችው።

ሌምፒ በየካቲት ዐረፈች።
አርቪድ ከቫንኩቨር መጣ፤ ሰባ ዓመት ያለፈው፣
ቁመቱ በሩን የሚነካ፣ ድምፁን ግን እርጅና ያለሰለሰው።
ካርቶኑን ፈታ።
ገለባውን አለፈ፤ የራሱን የጥድ ፍሬም አለፈው፤
ኮከቡ ላይ ቆመ።
«የሬይኖ ነው» አለ፤ «በስልክ ነግራኛለች።»
ገለበጠው።
ከጀርባው የመድኃኒቱ ስም፣ ግማሽ ፊደል ቀርቷል።
መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣ አየሁት፣ አንብቧል።
ሰማያዊውን ክር በጣቱ ዳሰሰው።
የደንብ ልብሴን ጠርዝ አየ። እኔ ወለሉን።
መሐረብ አወጣ፣ ዘረጋ፤
«የሬይኖ ነው» አለ ደግሞ፣ አሁን ቀስ ብሎ።

ያኔ ኤፍራታ፣ ስምንት ሊሞላት ወር የቀራት፣
ወደሱ ተጠጋች፦
«ቀስ ብለው ይጠቅልሉት፤
የጎበጠው ጫፉ ስል ነው፣ ይቆርጣል ጣት።»