አራት ሰከንድ

አንሶላ ሰቀሉ ክበቡ ግድግዳ ላይ፤
ወንበሩ አልበቃም፣ ሰዉ ቆሟል ሊያይ።
ፓይሳንዱ ከተማ፣ በሐምሌ ብርድ ማታ፣
ማቴው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር በዝምታ፣
መብራቱ ጠፋና ስም ተጻፈበት፦
ኤውሎሂዮ ባሬቶ።
እኛ «ጉጉት» ነበር ያወጣንለት፤
የሥጋ ፋብሪካው የሌሊት ዘበኛ፣
ቀን የማይታይ ሰው፣ ጎረቤት የእኛ።

ተራኪዋ ድምጿ ለስላሳ ነው፣ የዋና ከተማ፤
በእሷ አፍ ሲነገር፣ ሰፈራችን ራሱ ሩቅ አገር መስሎ ተሰማ።
«ሁለት ሺህ ስዕል ነው፣ በሥጋ ጣሳ መለያ ጀርባ የሣለው፤
ቀለሙ ዝገት ነው፣ ጥላሸት ነው፣ የማቴ ዝቃጭ ነው።»

ላሞች አሉ፣ ብዙ። በገቡበት በር
ኋሊት ሲመለሱ፣ በሰልፍ፣ ያለ ግርግር፣
ኋሊት ወንዙን አልፈው፣ ኋሊት እስከ ሣሩ፤
ቢላው እንዳልተሳለ፣ ደሙ ወደ ሥሩ
ተመልሶ እንደዋለ።
ከእያንዳንዷ በታች፣ በእርሳስ፣ ቁጥር አለ፤ ስምም አለ።

አንድ ባለ መነጽር፣ ፕሮፌሰር ነው አሉ፣
«ማንም ሳያውቃቸው ነው የኖሩት» ይላሉ።
ማንም?
ሐሙስ ሐሙስ ከሱቄ ሻማ ሲገዛ፣
የትናንት ዳቦ ሲለኝ፣ ድምጹ ፈዛዛ፣
ሂሳብ ሲጎድልበት፣ በሳንቲሙ ፈንታ
አንድ የታጠፈ ወረቀት ጥሎ፣ በሩን ሳይመታ
ይወጣ ነበረ።
እኔ ምን አውቄ፦
ሽንኩርት ቋጠርኩበት፣
የካናሪዬን ጎጆ ወለል አነጠፍኩበት፣
አንዷን ደግሞ በአራት አጥፌ፣
አንድ እግሩ አጥሮ ይወላገድ የነበረ ሚዛኔን ደገፍኩባት።

ሠላሳ አራተኛው ደቂቃ ላይ መጣሁ።
አራት ሰከንድ ብቻ። ቀዩን ሹራቤን ለብሻለሁ፣
«ጸጥተኛ ነበር፤ ሰው አያስቸግርም» እላለሁ።
አዳራሹ አጨበጨበ። ዴልሚራ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ
«ወፍረሽ ነበር» አለችኝ።

ስለ ወረቀቱ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልነገርኩ።
ያን ሌሊት ሱቄን ከፍቼ፣ መብራት ሳላበራ፣
ከእሱ ሻማ ዓይነት አንዱን ለኩሼ፣ ሚዛኑን ብድግ አደረግኩ።

ላሟ አለች። የሚዛኑ እግር ሃያ ዓመት ቆሞባት
ፊቷ ተበስቷል፤ ቁጥሯ ጠፍቷል፤ ስሟ ብቻ ነው የቀረላት፦
ኤርሚንዳ።
በሰፈሩ በዚህ ስም የተጠራ ሰው አላውቅም።
ወረቀቷን ግን መልሼ አላስገባኋትም።

ከዚያ ወዲህ ሚዛኔ ዘሟል፤ ለገዢ ያደላል።
ዴልሚራ ስኳሯን በእጇ መዝና «ምነው በዛ፣ ይከብዳል»
ስትለኝ፣
ዝም ብዬ አፉን አስርላታለሁ።