ባለ ሦስት እግር

ቅዳሜ፣ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ከአዌቱ ድልድይ ሥር፣
ሠላሳ ስም ተመዝግቦ አሥራ አንድ ሰው ሲቆጠር፣
ነጂሃ መዝገቧን ዘጋች፦ «የመጣ ይበቃል፤ እንጀምር።»

ጓንቱ ስድስት ጥንድ ብቻ፤ ቀኙ ለአንዱ፣ ግራው ለአንዱ፣
ተካፍለን ተንሸራተትን፣ ቁልቁል፣ ወደ ጉዱ።

ሌሊት ዘንቧል። የጅማ ዝናብ መች ቀጠሮ ያከብራል?
ጭቃው ቦቲን አስቀርቶ እግርን ብቻ ይለቃል፤
ኸይሩ በአንድ ካልሲ ቆሞ ቦቲውን ይለምናል።

ምን ያልወጣ አለ ከወንዙ!
የተቀዳደደ አጎበር፣ እጀታ የሌለው ጆግ፣
የሕፃን ሸራ ጫማ፣ የግራው፤ የቀኙን ማን ይፈልግ?
ፌስታል በፌስታል ላይ፣ እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ።
ድሮ ጫት በኮባ ነበር የሚጠቀለለው፤
ኮባ ደግ ነው፣ ይበሰብሳል፤
ይሄኛው ሞት አያውቅም።

ዳምጤ ባጃጁን ከላይ አቁሞ
«ለሃያ ደቂቃ» ብሎ የወረደ፣
ሦስት ሰዓት ሞላው ጎንበስ እንዳለ፤
ተሳፋሪ ከመንገድ ሲጠራው
«ሥራ ላይ ነኝ!» አለ፣
ማን እንደቀጠረው ግን አልተናገረም።

ከዚያ ሸምሲያ ጮኸች፣ ሁለት እጇ አረንቋ ውስጥ፦
«ድንጋይ አይደለም! ኑ!»
ሦስት ሆነን ሳብን፤ አምስት ሆነን ሳብን፤
ጭቃው እያቃሰተ ለቀቀው።
የጅማ በርጩማ።
ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር፣
ሁለቱ ብቻ የቀሩለት።

አባ ቦራ ችግኝ ሊቆጥሩ ነበር የመጡት፤
በሰባ ስምንት ዓመታቸው ጭቃ ውስጥ ማን ጠበቃቸው?
ገቡ። ተቀበሉን። በአውራ ጣታቸው
ሥሩን ጠረጉት፣ ቀስ አድርገው፣ እንደ ሰው ፊት፤
አገላበጡት፤ ዝም አሉ፤
«ይሄ የመሮ ዱካ የኔ ነው» አሉ።
«ከሥሩ ሦስት ጊዜ እጭር ነበር፣ እንደ ዶሮ።
ሔርማታ ገበያ ሸጥሁት። ለማን? እንጃ።»

ነጂሃ ደስ አላት፣ ስልኳን አወጣች፤
ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ፦
«ቆይ፣ ልጄ፤ እንጨቱን አልጠየቅሽኝም።

ዋንዛ ነው። የቆመውም እዚሁ፣ ኸይሩ ከቆመበት፣
ጥላው ማዶ ይሻገር ነበር፣ አጣቢዎች የሚያርፉበት።
በጨረቃ ቆረጥሁት፤ ማንም አልጠየቀኝም።
ሃያ አንድ በርጩማ ወጣው።
በክረምቱ ዳሩ ተናደ፤
እኔ ስለ በርጩማው እንጂ ስለ ዳሩ አውርቼ አላውቅም።»

«አይዞዎት» ያለ የለም። «ለምን» ያለም የለም።
ዳምጤ ዶማውን አቀበላቸው።

ቬቲቨሩን እኛ ተከልን፤ ረድፍ ነው ብለን የጀመርነው
እንደ ሰካራም መንገድ ተወላገደ።
ዋንዛውን እሳቸው። ጉድጓዱን ራሳቸው ማሱ፣
«ላግዝዎ» ያለውን በዓይናቸው እየመለሱ።
ችግኙ ከጉልበታቸው አይደርስም።
«ይሄ በርጩማ እስኪሆን እኔ አፈር ነኝ» አሉ፤
ከዚያ አሰብ አድርገው፣
«በርጩማም ባይሆን» አሉ።

አራት ሰዓት። ሃያ ሦስት ጆንያ።
ይመጣል የተባለው መኪና አልመጣም።
በርጩማውን አጥበን፣ በጎደለው እግሩ ፋንታ ድንጋይ ደግፈን፣
ከድልድዩ ጥላ አኖርነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም።

ከጀሪካን እጃችንን ስንታጠብ፣ ከላይ፣ ከገበያው በኩል፣
አንድ ፌስታል መጣ፤ ነጭ፣ ንፋስ የሞላው፣
እንደ ዳክዬ እየተንሳፈፈ፣ እየተዝናና።
«ለሚቀጥለው ቅዳሜ» አለ ኸይሩ።

ሸምሲያ ጫማዋን አሁን ነበር ያሰረችው።
ጎንበስ ብላ ፈታችው።