እርገጤ

በሽታው ወጣ አሉኝ። መድኃኒቱ ግን ቀረ፤
ከጣቶቼ ጫፍ ላይ ጎጆ ሠርቶ አደረ።
ጥቁር አንበሳ ተኝቼ፣ ስድስት ዙር ኬሞ ስወስድ፣
ጠጉሬን ነበር የፈራሁት፣ እንደ ሰብል ሲታጨድ።
ጠጉርስ በቀለ፤
እግሬ ነው እንጂ ያልተመለሰው፣ የት እንደዋለ።

ነርሷን ብጠይቃት «ነርቭ ነው» አለችኝ፤
«በዓመት ይመለሳል፣ በሁለትም ይሆናል፣
ላይመለስም ይችላል።»

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው፣
መብራት ጠፍቶ ክር ሲበጠስ፣ ጣቴ ነበር የሚያውቀው።
ሱፉን ከጥጡ፣ ቀጭኑን ከወፍራሙ
ዳስሼ እለይ ነበር፣ ሳይነገረኝ ስሙ።
ዛሬ ከኪሴ ውስጥ፣ ቁልፍ ይሁን ሳንቲም
ዓይኔ ካላየልኝ እጄ አይለይም።

ሞተ እንዳትሉት ግን፤
የሞተ ነገር ሌሊት አይነዝርም።
የደብረ ብርሃን ውርጭ ሜዳውን ሲያነጣው፣
የበሩ እጀታ ኤሌክትሪክ ይዞ ነው የሚጠብቀኝ እሱ ነው።
የቧንቧውም ውሃ ሆነብኝ ሳማ፤
ለሌላው ደንቆሮ ጣት፣ ሳማውን ግን ሰማ።

እርገጤ ይህን አየ። ባሌ ነው። ዝም ያለ ሰው።
የመንዝ ባናችንን ጠርዙን ቀደደና፣ እጀታውን አለበሰው።
የባልዲውን ማንጠልጠያ አለበሰ፤ የቁልፉን ራስ አለበሰ።
«ቤቱ በሙሉ ባና ለበሰ!» ብዬ ስስቅ፣ እሱ ማንኪያው ጋ ደረሰ።

አንድ ቀን ከጠባሴ ስመለስ፣ ካፊያ ላይ፣
አንድ እግሬ ባዶ ነው፣ ደጃችን ደርሼ ሳይ።
ጫማዬ የት እንደወለቀ
ጭቃው እንጂ፣ እግሬስ መቼ ዐወቀ።
እርገጤ በባትሪ ወጥቶ ፈልጎ አመጣልኝ።
ሌላ ቀን ደግሞ ተረከዜ ከሰሉ ዳር ሲቃጠል፣
ሽታው ነው የነገረኝ።
ከዚያ ወዲያ የምታጠብበትን ውሃ
በክርኑ ሳይቀምስልኝ አላስነካኝም።

መልአክ አይደለሁም። የሰው እጅ ያታክታል።
አዝራሬን ሲቆልፍልኝ፣ አንዱን ዘሎ ሲያዛንፈው
«ተወኝ!» ብዬ እጁን መታሁት። ማረፉን አላወቅሁም፤
ፊቱን አይቼ ነው ያወቅሁት። እስከ ማታ አልተነጋገርንም።

ማታ ራሱ ጀመረ። ሠላሳ ዓመት አይሱዙ የነዳ ሰው፣
ነገር ሲከብደው ወደ መንገድ ነው የሚመልሰው።
«ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ፣ መንገድ የሚባል የለም።
የለም ብሎ ግን ሾፌር አይቆምም፤ ቆሞም አያድርም።
በአንደኛ ማርሽ ነው። የዳሩን ድንጋይ እያዩ፣ ቀስ።
እግርሽም ጉም ገባ እንጂ አልጠፋም፤
ለጊዜው ዓይንሽ ይንዳለት፣ ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ።»

እናቱ ይህን ስም ስታወጣ
ምን ታይቷት ይሆን እላለሁ።
የገዛ እርምጃዬ ከድቶኝ፣
ይኸው በስሙ እረግጣለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሲመሽ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ።
እሱ በሌባ ጣቱ፣ ከውስጥ እግሬ ላይ፣
ፊደል ይጽፋል፤
እኔ እገምታለሁ፣ ሳላይ።
ሀ ይሁን ሁ፣ ያቺ ትንሽ ቅጥያ ከወገቡ ላይ
ትኑር አትኑር... ምንም።
ክረምቱ አለፈ። ምንም።
አንድ ማታ አሳዘነኝ፤ ደክሞት፣ እያዛጋ፣ እየጠበቀ።
«በ ናት!» አልኩት፣ ዋሽቼ። ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ፤
«አልጀመርኩም እኮ ገና።»
አልጋው እስኪንቋቋ ሳቅን።

በኅዳር ነው፣ ሌሊት፤ ውጭ ውርጩ ይሰነጥቃል።
ከአውራ ጣቴ ሥር አንድ ነገር፣ እንደ ጉንዳን፣ ሲሄድ ተሰማኝ።
ፊደሉን አልለየሁም።
ከላይ ወደ ታች መውረዱን ግን...
ወይስ ምኞቴ ነው?
አልነገርኩትም። ዓይኔንም አልገለጥሁም።
«ድገመው» አልኩት።
ይኸው፣ ይደግማል።