ከታች ካሉት ስድስት

ከቆርቆሮው ጣራ ጤዛ ይንጠባጠባል፣
ምድጃውም ሙቀት ሲሉት ጭስ ይሰጣል።
ሠላሳ ምልምሎች፣ ሠላሳ እርሳሶች፣
እግር ያልለመዱ አዳዲስ ጫማዎች።
ፈታኟ እኔ ነኝ፣ አሥር አለቃ ኖራ፤
ሰዓት በቀኝ እጄ፣ መዝገቡ በግራ።

ጥያቄው ላይ ፊደል፣ ቁጥርም የለበት፤
ጥለት ነው፣ ክብ ከመስመር የተጋባበት፤
ከአንድ ጥጉ ግን፣ መቀስ እንደበላው፣
ነጭ መስኮት አለ፣ ሰው መጥቶ እስኪሞላው።
«ከታች ካሉት ስድስት አንዷን ምረጡ» አልኩኝ፤
«ሃያ ደቂቃ ነው።» ሰዓቱን ተጫንኩኝ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዊልፍሪድ አክሮይድ አለ፤
ሲመዘገብ ለፊርማው መስቀል የሣለ፤
ሃሊፋክስ ከተማ በምንጣፍ ፋብሪካ፣
ክር ሲቀጥል ያደገ፣ ፊደል ሳይነካ።
ሌሎቹ ጣራውን ሽቅብ ሲማጸኑ፣
እሱ በአውራ ጣቱ ወረቀቱን ዳሰሰ፣
ዳሰሰ፣ አለፈ፤ ዳሰሰ፣ አለፈ፣
የት ይሆን እያለ ክሩ የተበጠሰ።
አሥራ አንድ ደቂቃ። እርሳሱን አስቀመጠ።

ከሥልሳው ሃምሳ ስምንት!
ሻምበሉ አላመኑም፤ «ኮርጆ ነው» አሉኝ።
ከማን ይኮርጃል? ጎረቤቱ የባንክ ጸሐፊ
ያገኘው ሠላሳ አንድ ነው።
አስጠሩት። «ሁለቱን ምነው ሳትካቸው?»
«አልሳትኩም፣ ጌታዬ፤ ባዶ ተውኳቸው፤
እነሱ ሳይሞሉ ነው የሚያምሩት።»
ሻምበሉ ሳቁ። ማኅተም መቱለት፤ ራዳር ክፍል ገባ።

በዚያው ቀን ሌላ ልጅ ነበረ፣ ሲሪል፣
የዳቦ ጋሪ ነጂ፣ አንገቱ ቀጭን፣
ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ፣ ነጩ መስኮት ውስጥ፣
ከስድስቱ አንዷንም ሳይመርጥ፣
በግራና በቀኝ መጋረጃ ሥሎ፣
መሐል ላይ ድመት አስቀመጠ።
ዜሮ ሰጠሁት።
ደንቡ ዜሮ ይላል።
የቀሩትንም ድምር አየሁ፤ እግረኛ ጦር ጻፍኩ፣
እጄም አልተንቀጠቀጠ፤ ገና አርባ ወረቀት ይጠብቀኝ ነበር።

በሚያዝያ ከበላይ አጭር ደብዳቤ መጣ፤
ክብ የለው፣ ነጥብ የለው፤
«ከሁለተኛው ሻለቃ ስድስት ሰው ጎድሏል፤
ከታች ካሉት ተክታችሁ ላኩ።»
የጎደሉት ስም ተዘርዝሯል። አራተኛው እሱ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ አዳዲስ እርሳሶች ይጠብቁኛል።
ስሙን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት፣ እንደ አክሮይድ፤
ወረቀቱ ልስልስ ነው፣ አንድም ክር አልተበጠሰ።
ፋይሉን ከፈትኩ።
ድመቷ እዚያው አለች፣
ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ውጭ ታያለች።