ሃያ አራት ወንበር

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሻርጃ ሳትነቃ፣
የሠራተኛው አውቶብስ ሙወይላ ሲያበቃ፣
ጓንቴን አጥልቄ፣
ባልዲዬን አንጠልጥዬ የምገባው እኔ ነኝ፤
ደረቴ ላይ ባለው ካርድ
ስሜን አሳስተው የጻፉልኝ።

አንደኛ ፎቅ፣ በስተግራ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል፤
ወንበሮቹ ከጉልበቴ በታች፣ ቢጫና አረንጓዴ።
በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ
ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ ስሰቅል እቆጥራለሁ፣ ልማዴ፦
ሃያ አራት።
አልተማረችም ይሉኛል፤ ሃያ አራትን ግን አልስትም፤
ሦስት ዓመት ቆጥሬያለሁ፣
አንድም ቀን ሃያ አምስት ሆነው አልጠበቁኝም።

ምድር ቤት፣ ከመስኮቱ ኋላ፣ ሚስ ሪማ አለች፤
ጥፍሯ የተቀባ፣ ድምጿ ለስላሳ፣ ክፉም አይደለች፤
አንዳንዴ ከምሳዋ
ቴምር ታስተርፍልኛለች።
ማመልከቻ ትቀበላለች።
አምስት መቶ ድርሃም። ደረሰኙ ሰማያዊ፣
ከግርጌው በደቃቅ ፊደል፦
«የማይመለስ»።

የማይመለሰው ምኑ ነው?
ገንዘቡ ነው? ወይስ ጥያቄው?
«ልጄ ገባች ወይ?» እያለ ስልክ ሲደውል የሚከርመው፣
«መልሰን እንደውላለን» ተብሎ
ሳይመለስለት የሚቀረው?

የካቲት ላይ ጠረጴዛዋን ስጠርግ
ዝርዝሩን አይቼዋለሁ፤ በቀይ መስመር ተዘግቷል።
ሃያ አራት ስም ሞልቷል።
ዘጠኙ ታላቆቻቸው እዚሁ የሚማሩ፣
ስድስቱ የመምህራን ልጆች፤ ሦስቱ ደግሞ
ደረሰኝ ያልተቆረጠላቸው፣
በጎን በር ገብተው
ሾፌራቸው ሞተር ሳያጠፋ ያለቀላቸው።
ሻይ የወሰድኩላቸው እኔ ነኝ። ስኳር አይወዱም።

መስኮቱ ግን አልተዘጋም።
መጋቢትን ሙሉ ሰልፍ ነው፣ ሚያዝያም ገብቶ ያው ሰልፉ፤
እናቶች በአባያ፣ በሳሪ፣ በጂንስ፤
ታጥበው የተበጠሩ ሕፃናት፣
አባት ትከሻ ላይ ያንቀላፉ።
ማመልከቻ ይሉታል፤
ለእኔ ግን ማምለኪያ ይመስለኛል፣
ሁሉም ጎንበስ ብሎ ነው
በመስኮቱ ቀዳዳ እጁን የሚያስገባው።

ሐሙስ ዕለት አወል መጣ።
የከሚሴ ሰው ነው፤ ምግብ በሞተር ያደርሳል፤
ሄልሜቱን በብብቱ ይዟል፣
ሒክማን በጣቱ።
ልጅቷን ካርድ አሳይተው «ምን ቀለም ነው?» አሏት።
«ብርቱካን» አለች ባማርኛ።
ዝም ሲሏት «ቡርቱቃሊ» አለች፣ ባረብኛ።
የጠበቁት ሦስተኛውን ቋንቋ ነበር፤
መምህሯ አንድ ነገር ጻፈች።
ሒክማ ወደ አባቷ ዞራ፣ «አላወቀችውም» አለች።

ከቦርሳው አራት ደረሰኝ ወደቀ፣
የአራት ትምህርት ቤት፤ ጎንበስ ብዬ አነሳሁለት።
አንድ ትእዛዝ ሲያደርስ ስምንት ድርሃም ነው፤
አምስት መቶ ማለት
ስልሳ ሦስት ደጅ ማንኳኳት፣
ስልሳ ሦስት ጊዜ ሊፍት መጠበቅ፣
በሐምሌ፣ በዚያ ሙቀት።

ብሩን መቁጠር ሲጀምር
መስታወቱን የምወለውል መስዬ ተጠጋሁት።
እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእሱና ከእኔ በቀር
ማንም በማይሰማው ቋንቋ፦
«ወንድሜ፣ ወንበር የለም» አልኩት።
«ማን አለሽ?»
«እኔ ነኝ የምወለውላቸው።»

ቆጠራውን አቆመ።
ብሩን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰ፤
ሒክማ ጫማዋን ታይ ነበር፤ አዲስ ነው።
ከዚያ ደግሞ አወጣው።
«እናቷ ሞከርክ ወይ ስትለኝ
ምን ላሳያት ነው?» አለኝ፤
አለና ከፈለ።
ማሽኑ ሰማያዊውን ወረቀት ቀስ ብሎ ተፋው።

ሚስ ሪማ በመስኮቷ አየችኝ፣ ፈገግታዋ እንዳለ፤
«ምን እያልሽው ነበር?»
ባልዲዬን አነሳሁ።
«ወለሉ እርጥብ ነው» አልኳት፣
«እንዳትወድቅ ነው ያልኩት።»