ግቢ

ሉማሜ ሞላሁት፣ ከወፍጮ ቤት ጓሮ፣
አሥር ብር ነው ባትሪ፣ ተወዷል ዘንድሮ።
ግቢው ሲዘጋብን «ከቤት ተማሩ» አሉን፣
ትምህርቱ በስልክ ነው፤ ስልኩን ማን ሰጠን?
ይኼ የአያልሰው ነው፣ የታላቄ ንብረት፣
ለእኔ የሚደርሰኝ እሱ እስኪበላ ራት።
ኔትወርክ ያለው ደግሞ ከባሕር ዛፉ በላይ፣
ጮቄ ጉም ለብሶ በሩቁ ሲታይ፣
እዚያ እቆማለሁ፣ ክንዴ ወደ ሰማይ።
ሰው አይቶ ይጠይቃል፦ «ምን ትለምናለች?»
ሁለት መስመር ብቻ። አንዷ መጥታለች።

ገጹ እያመነታ፣ ዘግይቶ ሲከፈት፣
«እንኳን ደህና መጣህ» ይላል ከመግቢያው ፊት፤
«የይለፍ ቃልህን ጻፍ። ግባ።» ይለኛል።
ዞር ብዬ አያለሁ፤ ማንን ይጠራል?
ሙሉአዳም ነው ስሜ፤ አዳም አታሎት ይሆን?
ስመኝንም «ግባ» አላት፤ እሷስ ምን ልትሆን?

ከታች የእናቴ ድምፅ፦ «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ልጄ!
ጅቡም ሰዉም ከፍቷል፤ ግቢልኝ ከደጄ!»

እዚህ «ግባ» ይላል፣ የማያውቀኝ በር፣
እዚያ «ግቢ» ትላለች፣ እናቴ፣ በፍቅር።
«ባ» አንድ እግሩን አንስቷል፣ ለመንገድ ተነስቶ፤
«ቢ»ን ከእግሯ ሥር ይዟታል፣ አንዳች ነገር ገብቶ።

ዩኒቨርሲቲውንም «ግቢ» ነው የምንለው፣
ስሙ እኔን ይጠራል፣ ወንበሩ የወንድ ነው።
ደብረ ማርቆስ ሳለሁ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ
ሃያው ማሽን ይሠራል፣ ሞቷል የቀረው ሁሉ።
ለሦስት አንድ ሲደርሰን፣ ሁሉም ያውቃል ስፍራውን፦
ስንሻው ኪቦርዱን፣ እኔ ማስታወሻውን።
«ጽሑፍሽ ያምራል» ይሉኛል። ያምራል፤ ግን ደክሞኛል፤
ማውዙን አንዴ ብነካው ምን ይጎድልባችኋል?

ባዶ ወንበር ፍለጋ፣ ሦስት ሰዓት ከማታ፣
ከክፍሉ እስከ ማደሪያ፣ አምፖል በሌለው ቦታ፣
ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጬ አውቃለሁ፤
የዚያን ሩጫ ክሬዲት ማንን እጠይቃለሁ?

ለቢሮው ጻፍኩላቸው፦ «ሴቶችም አለን» ብዬ።
መልሱ ሦስት ቃል ነው፦ «ሲስተሙ ነው፣ እህትዬ።»
ሲስተም የሚሉት ሰው የት ነው የሚኖረው?
ሚስት አለው? ልጅ አለው? ቢሮው ስንተኛ ፎቅ ነው?

የሞጣዋ ደጊቱ፣ ሦስተኛ ዓመት ሆና፣
ለልምምድ ተመድባ ከዚያው ቢሮ ገባችና፣
ወር ሙሉ ወረቀት ስታባዛ ቆይታ፣
ሰው ለምሳ ሲወጣ፣ አንዲት መስመር ፈትታ፣
አንዲት ፊደል ነካች፤ ሌላውን አልነካችም።
ለአለቃዋ አልነገረች፣ ፈቃድም አልጠየቀችም።

ዛሬ ከኮረብታው፣ ጣቴ በብርድ ደርቆ፣
የወፍጮ ቤቱ ባትሪ፣ የአሥር ብሩ፣ አልቆ አልቆ፣
ገጹ ተከፈተ። «ግቢ» ይላል። «ግቢ።»
ከታችም እናቴ፦ «መሸ እኮ፣ ኧረ ግቢ!»
አንድ ቃል፣ ከሁለት ደጅ፣ በአንድ ጊዜ ጠራኝ፤
አያልሰው ያፏጫል፤ ራቱን ጨረሰ መሰለኝ።

የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ።
ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፤ አንዷ መስመር ጠፍታለች።
«እባክህ ጠብቅ» ይላል።
ደጊቱ ይቺን አላየች።

ይጠብቃ እሱ!
እኔስ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።